የወደቀው ካብ ዘበኛ

በላይ ለተሰበሰብከው ደመና፣ በታች ለምትጠብቀው ጭቃ፣ በመካከልም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁ ሁሉ ይህ አዋጅ ይድረስ! የሰማችሁ ላልሰማው ንገሩ፤ የተኛውን ቀስቅሱ፤ ስብሰባ ላይ የሚያንኮራፋውን ጎኑን ጎሰም አድርጉት። ከዛሬ ጀምሮ ጠጠር የምትባል አንዲት ሴት የክብር ዘበኛ ሆና ተሹማለች። የምትጠብቀው ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ባንክም አይደለም፤ የፈረሰ የድንጋይ ካብ ነው። የምትጠብቀውም እንዳይሰረቅ አይደለም። እንዳይጠገን ነው።

በትክክል ነው ያነበባችሁት። እንዳይጠገን።

ጠጠር የእናት የአባቷ ስም አይደለም። ቁመቷ ከዶማዋ እጀታ ብዙም ስለማይበልጥ የወጣላት ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ «ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ናት፤ ካላወለቅካት አታስኬድህም» ይል ነበር። ሳያወልቃት ሞተ። እሷም ከአማቷ፣ ከልጇና ልጇ በቅርቡ ከወለደቻት ሕፃን ጋር ተራራው ላይ ቀረች።

እርሻዋ እርሻ ከመባል ደረጃ ቢባል ይቀለዋል። ከተራራው ጎን ላይ እንደ ደረጃ የተቆረጠ አፈር ነው፤ እያንዳንዱን እርከን ከታች አንድ የድንጋይ ካብ ደግፎ ይዞታል። በላዩ ድንች ትተክላለች፣ በዳርዳሩ ባቄላ። ካቡ ከቆመ አፈሩ የሷ ነው፤ ካቡ ከወደቀ አፈሩ የወንዙ ነው። ትልቁ ካብ ደግሞ በቀጥታ ከቤቷ ጀርባ ነው የቆመው። ቤቷ ሁለት ክፍል ናት፤ ከኋለኛው ክፍል መስኮት እጅ ቢዘረጋ የካቡን ድንጋይ ይነካል።

ክረምቱ ገብቶ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ያ ካብ ሆዱን ዘረገፈ። አፈርና ድንጋይ እስከ መስኮቱ ደፍ ድረስ መጥቶ ቆመ። አዲስ ነገር አልነበረም። ካቻምናም ወድቋል፤ አምናም ወድቋል። ከጀርባው ምንጭ ፈንድቶበታልና ሽማግሌው አማቷ ባነሱት ቁጥር ውሃው ይጥለዋል። ሽማግሌው በዚያ ተራራ «ካበኛው» የሚባሉ፣ የአገሩን ካብ ሁሉ በእጃቸው የደረደሩ ሰው ናቸው፤ ከውሃው ጋር የገቡት እልህ የጎረምሳ እልህ ነው። ጠጠር ግን ገብቷታል። ደረቅ ድንጋይ ይህን ውሃ አይችለውም። የሚቀጥለው ናዳ መስኮቱ ደፍ ላይ አይቆምም።

ስለ ድጋፉ የሰማችው ከሬዲዮ ነው። ሬዲዮ እንደምታውቁት የምሥራች እንጂ አድራሻ አይናገርም። «ለተራራማ አካባቢ አርሶ አደሮች ሰፊ የድጋፍ መርሐ ግብር ተዘጋጅቷል» አለና ዘፈን ለቀቀ። ጠጠር ዶማዋን ጥላ ወደ ከተማ ወረደች። ግብርና ቢሮ «ካብ የመሬት ጉዳይ ነው» ብሎ ወደ መሬት ቢሮ ሰደዳት። መሬት ቢሮ ደግሞ መሬቷ በይዞታዋ ላይ እስካለ ድረስ የጎደለባት ነገር እንደሌለ አስረዳት፤ «ተንዶ የሰው ይዞታ ላይ ሲያርፍ ነይ፤ ያኔ የድንበር ክርክር ነው»። የአደጋ መከላከሉ ሰውዬ የሞተ ሰው እንዳለ ጠየቃት። የለም ስትለው ፊቱ ላይ ቅሬታ አየች፤ የከፈተውን እስክሪብቶ ክዳኑን መልሶ ከደነው።

በመጨረሻ ድጋፉን ያገኘችው በምሳ ሰዓት ነው። ተመልሳ ግብርና ቢሮ ስትደርስ ሠራተኞቹ ወጥተው በሩ ተዘግቷል። እዚህ ላይ የአስተዳደርን ጥበብ ቆማችሁ አድንቁ። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ነው፤ ሲከፈት ከኮሪደሩ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ማስታወቂያው የተለጠፈው በውጭኛው ገጹ ላይ ነው። ስለዚህ ቢሮው ክፍት ሲሆን ማስታወቂያው አይታይም፤ ማስታወቂያው ሲታይ ቢሮው ዝግ ነው። ሕዝብን ከመረጃ፣ መረጃን ከሕዝብ እንዲህ አድርጎ የሚጠብቅ በር በየትም አገር አይገኝም።

ጠጠር ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ጎርፍና ናዳ ካባቸውን ላፈረሰባቸው የተራራ ገበሬዎች ጋቢዮን፣ ማለት ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን፣ ከነግንበኛው በነፃ ይሰጣል። ከጽሑፉ በላይ ፎቶ አለ፤ ገበሬው ይስቃል። የቆመው ሜዳ ላይ ነው።

የቢሮው ሴት ጥርሷን በስንጥር እየጎረጎረች ስትመለስ ጠጠርን በሩ ስር ተቀምጣ አገኘቻት።

«እናቴ፣ ይሄን ደግሞ ማን ነገረሽ?»

«በሩ።»

«የትኛው በር?»

«ያንቺው ነዋ! እዚህ ግቢ ቁም ነገር ያለው እሱ ብቻ ነው።»

ሴትዮዋ ሳትወድ ሳቀች፤ ከሳቀች በኋላ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝማ። ባለሙያ መጥቶ በዐይኑ ያየዋል። እስከዚያ ካቡን እንዳትነኪው። አንዱን ድንጋይ አንስተሽ ሌላው ላይ ካስቀመጥሽ ተጠግኗል ማለት ነው። ከተጠገነ አልፈረሰም። ካልፈረሰ እኔና አንቺ አንተዋወቅም።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«መኪና ሲገኝ።»

«መኪናው የት ሄደ?»

«ስብሰባ።»

«መኪናው?»

«ባለሙያዎቹን ይዞ ነዋ። ሐይቅ ዳር ናቸው። ተራራ ላይ እንዴት እንደሚወጣ እየተወያዩ ነው።»

እንግዲህ ሹመቱ እንዲህ ጸደቀ። ጠጠር ካቧ ፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

በዚያ ተራራ ላይ የወደቀ ካብ አይታለፍም። መንገደኛ እንኳ ሸክሙን አውርዶ ሁለት ድንጋይ አንስቶ ነው የሚያልፍ። ካቡ ወድቆ የሚያድር ሰው ወይ ሞቷል ወይ ሰክሯል ነው የሚባለው። ስለዚህ ጠጠር ከሌባ ጋር ቢሆን በቀለላት፤ የምትታገለው ከደግ ሰው ጋር ነው። ጎረቤቷ አናጢው ጠዋት ጠዋት እጅጌውን ሰብስቦ ይመጣል።

«አንቺ! አማትሽ ታመው ነው እንዴ? ካብ እንደ ሬሳ ተዘርግቶ!»

«ተው፣ አትንካ ብያለሁ!»

«ይህቺን አንዷን ብቻ ላንሳ። ዐይኔን እያሳከከችኝ ነው።»

«ያሳክክህ! እከክ አልገደለም፤ ናዳ ነው የሚገድል።»

አናጢው እየተቆጣ ይሄዳል፤ ሚስቱን ይልካል። ሚስቱ ደግሞ ለመጠየቅ የመጣች መስላ በእግሯ አንዷን ድንጋይ ወደ ቦታዋ ገፋ ታደርጋለች። ጠጠር ተነሥታ ድንጋይዋን ወደ ወደቀችበት ትመልሳታለች። ይህ የአእምሮ በሽታ መሆኑን ሰፈሩ ተስማምቶበታል።

ከሁሉ የከፋው ሽማግሌው ነበሩ። ካቡን ላለማየት አግዳሚያቸውን አዙረው፣ ለእርሻው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

«እኔ ሳልሞት? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ያሻውን ይበል አባባ። እርስዎ ሲያነሡ ውሃው ሲጥል እስከ መቼ ነው?»

«ሽቦ አምጥተሽ ልታስሪው ነው? ካብ ነው ወይስ የዶሮ ቤት?»

«ልጄና የልጅ ልጄ ከስሩ ናቸው።»

እውነቷን ነበር። ልጇን ከነሕፃኗ ወደ ፊተኛው ክፍል አዛወረቻት። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው በኋለኛው ክፍል፣ ከካቡ ስር ገብተው ተኙ። «ካቤን የማታምኑት እናንተ ናችሁ» አሉ። እንግዲህ ጠጠር በየምሽቱ የሁለት ነገር ድምፅ ስትሰማ ታመሻለች፤ የሽማግሌውን ሳልና ጣራው ላይ የሚጀምረውን ጠብ ጠብ። ካፊያ ነው። ካፊያ ብቻ። በላስቲክ የሸፈነችው ፍርስራሽ ስር ምንጩ እየተንቆረቆረ ይወርዳል። ሐይቅ ዳር ያሉት ገና እየተወያዩ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ተራራው ጫፉን አጣ። ደመናው ዝቅ ብሎ፣ እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ። ጠጠር እንዲህ ያለውን ደመና ታውቀዋለች። ዘበኝነቷን ለልጇ አደራ ብላ ወደ ከተማ እየተንደረደረች ወረደች። መኪናው ከስብሰባው ተመልሶ ግቢው ውስጥ እየታጠበ ነው። ባለሙያውም ከጎኑ ቆሟል፤ አዲስ ጃኬት፣ አዲስ ጫማ፣ አንገቱ ላይ የስብሰባው ባጅ ገና አልወለቀም።

ጠጠር ከመኪናው አፍንጫ ፊት ቆመች።

«ዛሬ ነው የሚመጡልኝ።»

«እናቴ፣ ዛሬ ቀጠሮ አለኝ።»

«እኔም ከዚያ ጋር ቀጠሮ አለኝ» አለችና በአገጯ ደመናውን አሳየችው። «የእርስዎን ሰው እንጃ፣ የእኔው ግን ሰዓት ያከብራል።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ስንት በቀለለ! ደመናውን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ቀጥሎም ሹፌሩ እንዳይሰማው ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ «ከፍታ ያዞረኛል» አላት። ይህ ሰው የተራራ ክፍል ባለሙያ ነው።

«ዐይንዎን ይጨፍኑ፣ እኔ እይዝዎታለሁ» አለችው።

መኪና ውስጥ ሲገቡ ልቧ ከደስታ ብዛት ቦታ አጣ። ስልኳን አውጥታ ወደ ቤት ደወለች። ሽማግሌው አነሡት።

«አባባ፣ እንግዳ ይዤ እየመጣሁ ነው! የቢሮው ሰውዬ። ጠረግ ጠረግ አድርጋችሁ ጠብቁኝ፤ እንዳታሳፍሩኝ።»

«አላሳፍርሽም» አሉ ሽማግሌው፤ ስልኩ ተዘጋ።

ብልህ ሰው እዚህ ላይ ደሙ ይቀዘቅዛል። ጠጠር ግን ደስታ አሳውሯት ነበር። ተራራ ላይ ተወልዳ፣ ተራራ ላይ አድጋ፣ «እንግዳ ሊመጣ ነው» የሚለው ቃል ለካበኛ ምን ማለት እንደሆነ ረሳች።

መንገዱ ከተራራው ወገብ ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ በእግር ነው። ባለሙያው ገደሉን ላለማየት ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ እንደ ሸረሪት በጎኑ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ፤ አንድ ጊዜ የእናቱን ስም ጠራ። ጠጠር ክንዱን ይዛ ትጎትታለች፣ ሰማዩን ታያለች። ነጎድጓዱ ገና ሩቅ ነው። እንደርሳለን፣ ትላለች በሆዷ። ፍርስራሹን ያየዋል፣ ፎቶ ያነሣዋል፣ ከዚያ ቢዘንብም ይዝነብ።

ደረሱ።

ካቡ ቆሟል።

ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀጥ ብሎ፣ ተጠርጎ፣ ላስቲኩም ተጣጥፎ አጠገቡ ተቀምጦ። አናጢው፣ ሚስቱ፣ የላይኛውም የታችኛውም ሰፈር ሰው ላቡን እየጠረገ፣ እንደ ሰርገኛ ተሰልፎ ይስቃል። ልጇ ሕፃኗን አቅፋ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ «ብለምናቸው እምቢ አሉኝ እማዬ» አለች። ሽማግሌው ከመካከል ወጥተው፣ ጭቃ የቆረፈደውን እጃቸውን በልብሳቸው አብሰው፣ ባለሙያውን ጨበጡት።

«እንኳን ደህና መጣህ ልጄ።»

ባለሙያው ታብሌቱን ከጃኬቱ ስር አወጣ።

«የተናደው የቱ ነው?»

የተሰለፈው ሁሉ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«እኛ ዘንድ የተናደ የለም» አሉ ሽማግሌው።

«አባባ!»

«የለም! ይህ ካብ ከአባቴ ጀምሮ የቆመ ነው።»

ባለሙያው ካቡን ቀረብ ብሎ አየው። እውር አልነበረም። ድንጋዮቹ ላይ ያለው ጭቃ እርጥብ ነው፤ እንደ ሽበት አረንጓዴ ሻጋታ ያበቀለው የድንጋይ ፊት ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ዞሯል። በጣቱ ነካው።

«አባት፣ ይሄ የዛሬ ሥራ ነው።»

«ያንተ ዐይን የዛሬ ነው።»

«ስለዚህ ወድቆ ነበር?»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ። በእጃቸው ካብ የሠሩለት ሰፈር ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል። «አልወደቀም» አሉ።

ባለሙያው ተነፈሰ። የእፎይታ ትንፋሽ ነበረች፤ ጠጠር ሰማቻት። «እንግዲህ እናቴ፣ እኔ የተፈቀደልኝ ሁለት ቃል ነው። ቆሟል፣ ወድቋል። ሦስተኛ የለኝም። የቆመ ነው ያየሁት።»

የመጀመሪያዋ ጠብታ ታብሌቱ ላይ አረፈች። ወዲያው ሁለተኛዋ፣ ከዚያም መቁጠር ቀረ፤ ሰማዩ ተቀደደ። ሰልፈኛው ወደ አናጢው ቤት ተበተነ። ጠጠር ልጇን «ውጪ! ሕፃኗን ይዘሽ ውጪ!» ብላ ጮኸች፤ ልጅቷም ሕፃኗን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ሮጠች። ባለሙያው ጃኬቱን ራሱ ላይ ጥሎ ወደ መንገዱ ዞረ።

ጠጠር ፊቱ ቆመች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «እርስዎ» ስትለው ነበር።

«አንተ! ቆሟል አልክ?»

«መመሪያው ነው እንጂ እኔ…»

«ቆሟል ካልክ ሂድና ከስሩ ቁም። ዝናቡ እስኪያባራ። እኔ ሻይ አፍልቼ አመጣልሃለሁ።»

ባለሙያው ካቡን አየ። ከድንጋዮቹ መካከል ውሃ መውጣት ጀምሯል፤ መጀመሪያ ጥርት ያለ፣ ቀጥሎ ቡና የመሰለ። አልተንቀሳቀሰም።

የተንቀሳቀሱት ሽማግሌው ናቸው።

«ካቤን ማን ሰደበ?» አሉ። «እኔ እቆማለሁ!» ማንም ሳይይዛቸው በቤቱና በካቡ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ገብተው፣ ጀርባቸውን ድንጋዩ ላይ ለጥፈው፣ እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው ቆሙ። «በል ጻፍ! ቆሟል ብለህ ጻፍ!»

«ወድቋል በል!» ጠጠር ባለሙያውን ክንዱን ይዛ ነቀነቀችው። «ወድቋል በላቸውና ይውጡልኝ!»

«እናቴ፣ ቆሞ እያየሁት…»

«አባባ ይውጡ! በልጅዎ አጥንት ይዤዎታለሁ!»

«እሱ ይናገር!»

አንዲት ትንሽ ድንጋይ ከካቡ አናት ተነሥታ ሽማግሌው እግር ስር ወደቀች። ቀጥላ ሌላ። የካቡ ሆድ እንደ እርጉዝ ሴት ሆድ ሲነፋ ጠጠርም አየችው፣ ባለሙያውም አየው፤ ሽማግሌው ግን ጀርባቸውን ሰጥተውታልና አላዩትም። ተሰማቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየች። የቁጣቸው ጉልበት ከዐይናቸው ላይ ጠፋ፤ በምትኩ ሕፃን ልጅ መስለው ተመለከቷት።

«ልጄ» አሉ በቀስታ። «ይገፋኛል።»

ጠጠር ገባች። ያቺ ከዶማ እጀታ የማትረዝም ሴት ሽማግሌውን ከብብታቸው ስር ይዛ ስባ ስታወጣቸው አንድ ጫማቸው እዚያው ቀረ። እሱን የሚመልስ አልተገኘም። ካቡ በአንድ ትልቅ ትንፋሽ ወረደ፤ ኋለኛውን ክፍል በመስኮቱ ገብቶ ሞላው፤ የሽማግሌውን አልጋ ከነብርድ ልብሱ ዋጠው። በላዩ የነበረው ድንች ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ከፍርስራሹ ጫፍ ተንጠለጠለ። ፊተኛው ክፍል ቆሟል። ለጊዜው።

ሽማግሌው ጭቃው ላይ ተቀምጠው፣ ባዶ እግራቸውን እያዩ፣ ሳይጠየቁ ተናገሩ። «ወድቆ ነበር። አምናም፣ ካቻምናም። ዛሬ ያነሣሁት እኔ ነኝ። እሷ አትንኩ ብላለች። እንግዳ መጣ ስትለኝ አፈርኩ። እሷ የለችበትም፤ ጻፍበት።»

ዕድሜ ልኩን አንድ ካብ እንኳ ወደቀብኝ ብሎ የማያውቅ ሰው እንዲህ አለ፤ ከዚህ የከበደ ድንጋይ አንሥቶም አያውቅም።

ባለሙያው ፊቱ ነጥቷል። ታብሌቱን በጃኬቱ ጫፍ ጠረገ።

«አየሁ» አለ። «በዐይኔ አየሁ።»

«ተመስገን!» አለች ጠጠር።

«ግን…»

«ግን ምን?»

«በሰው እጅ ተነክቷል ብለዋል። ከተነካ ደግሞ መመሪያው…» ጣቱ ሁለቱ ቃላት መካከል ላይ ቆመ። ቆሟል። ወድቋል። ዝናቡ ያረፈበት መስታወት ላይ ጣቱ ይመላለሳል፤ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ። ከፍርስራሹ በላይ ሁለተኛው እርከን አለ። የሱም ካብ ቡና የመሰለ ውሃ መትፋት ጀምሯል፤ ከስሩም ያለችው ያቺው የተረፈችው ክፍል ናት።

አንተ ደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ይህን የምታነብ፣ አንቺም ብትሆኚ፤ ያን ሰውዬ አላውቀውም እንዳትለኝ። ወይ ወንድምህ ነው፣ ወይ ጓደኛህ፣ ወይ ጧት ጧት መስታወት ፊት ጢሙን የምትላጭለት ራሱ ነው። እባክህ፣ ሁለተኛው ካብ ሳይወርድ፣ ክንዱን ቀስ ብለህ ያዝና ጣቱን ወደ «ወድቋል»…